«ፈሪ ውሻ ምን ያደርግልኛል?» ለምትሉ ወገኖቼ

 

እዚህ ገጽ ላይ የምንነጋገረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ በግ ማድለብና ስለ ዶሮ ክትባት ነው። ዛሬ ስለ ውሻ ልጽፍ ነው። «አንተ ልጅ፣ ውሻ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ግብርና የሆነው?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እስኪ በየሰፈራችሁ ተመልከቱ። ላም የሌለው ቤት አለ፣ በሬ ከሰው ጋር አቀናጅቶ የሚያርስ አለ። ውሻ የማይጮህበት ግቢ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ስለ በጉ አሥር ጥያቄ የሚጠይቀኝ አርሶ አደር ስለ ውሻው አንድም ጠይቆኝ አያውቅም። እኛም ኮሌጅ ሳለን በብዛት የተማርነው ስለሚታለበውና ስለሚታረደው ነው።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነችኝ አንዲት ቡችላ ናት። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚወርድበት አካባቢ፣ ከአሮጌ ጀልባ ሥር ከሁለት እህቶቿ ጋር ተጥላ ተገኘች። ሦስቱም ሴቶች ናቸው። ወንዶቹን ሰው መርጦ ወስዷቸው ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለቱ ዝናብና ብርድ መትቷቸው ሞቱ። ይቺን ግን ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ አንዲት እናት «ሰው እስኪገኝላት» ብለው ቤታቸው ወሰዷት። አሁን አምስት ወር ገደማ ይሆናታል። ቡላ ናት፣ ደረቷ ላይ ነጭ አላት። የእማማ ቤት የኪራይ ነው። አከራያቸው ለጊዜው ቢታገሱም ለዘለቄታው እንደማይሆን ነግረዋቸዋል። ስለዚህ ቡችላዋ ቤት ትፈልጋለች። ካላገኘች ወደ መንገድ ትመለሳለች። መንገድ ላይ የሚጠብቃት ደግሞ መኪና፣ ድንጋይና የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የባዘነ ውሻ በበዛ ቁጥር መርዝ መበተን የለመደ ከተማም በአገራችን ብዙ ነው።

ችግሩ ዓይን አፋር መሆኗ ነው። እንግዳ ሰው ሲገባ ከማገዶው ክምር ኋላ ትገባለች። ጅራቷን በእግሮቿ መሃል ትቀብራለች። ሰው ድንገት እጁን ካነሳ ሽንቷ ያመልጣታል። እማማ ሲጠሯት ግን እየተሳበች ትመጣና ከእጃቸው ትበላለች። እስካሁን ሦስት ሰው መጥቶ አይቷታል። አንዱ «ሴት ናት እንዴ?» ብሎ ከበር ተመለሰ። ሁለተኛው እደውላለሁ ብሎ ጠፋ። ሦስተኛው ከገጠር የመጡ አባት ነበሩ፤ ጎንበስ ብለው ካዩዋት በኋላ «አንተ ልጅ፣ ሰው ሲያይ የሚደበቅ ውሻ ሌባ ሲመጣ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ውሻ የሚያስቀምጥ አርሶ አደር ለመጫወቻ አይደለም የሚያስቀምጠው። ጅብና ቀበሮ በጉን እንዳይነኩበት፣ ሸለምጥማጥ ዶሮውን እንዳይጨርስበት፣ ጦጣና ጃርት በቆሎውን እንዳይበሉበት ነው። ቢሆንም በዚህ ጉዳይ እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ዓይን አፋር ቡችላ የተበላሸ ቡችላ አይደለም። የሚበላሸው እኛ ፍርሃቱን በሰንሰለትና በዱላ ልናስወጣ ስንሞክር ነው። ያን ጊዜ ጠባቂ ውሻ ሳይሆን ልጅ የሚነክስ ውሻ እናተርፋለን።

ምክንያቴን ላስረዳ።

ቡችላ ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስት ወር ገደማ ያለው ጊዜ ዓለምን የሚለማመድበት ነው። በዚያ ጊዜ የሰው እጅ ከለመደ፣ ልጅ ሲጫወት ካየ፣ ዶሮና በግ አጠገቡ ከዋለ፣ ሲያድግ እነዚህን አይፈራም። በዚያ ጊዜ ከጀልባ ሥር ተደብቆ፣ ሰው ባየ ቁጥር ድንጋይ እየተወረወረበት ያሳለፈ ግን «ሰው ማለት ድንጋይ ነው» ብሎ ይማራል። ይቺም የሆነችው ይኼንኑ ነው። ዘሯ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ይኼን ደግሞ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እጅ ያልለመደ ወይፈን ቀንበር ስታሳዩት ይሸሻል፣ ይራገጣል። ታዲያ በመጀመሪያው ቀን «ይኼ በሬ አይሆንም» ብላችሁ ትሸጡታላችሁ? አትሸጡትም። ከለመደ በሬ ጋር ታቀናጁታላችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ትገሩታላችሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ለወይፈን ያለንን ትዕግሥት ለቡችላ እንዴት አጣነው?

ሌላው፣ ጠባቂ ማለት ነካሽ ማለት አይደለም። ሌሊት የሚያስፈልጋችሁ የሚሰማና የሚጮህ ውሻ ነው። ሌባውን የሚያባርረው እናንተ መንቃታችሁ ነው፤ ጅቡንም እንደዚያው። ዓይን አፋር ውሻ ደግሞ በተፈጥሮው ጆሮው ንቁ ነው። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ቤቱን ከለመደና ባለቤቱን ካመነ በኋላ ባዕድ ሲመጣ ይጮኻል። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው አባባል እኮ ለደፋሩ ብቻ የተነገረ አይደለም። እማማ እንደነገሩኝ ይቺ ቡችላ ካለፈው ወር ጀምሮ ሌሊት አጥር ጥግ ኮሽታ ስትሰማ መጮህ ጀምራለች። ከማገዶው ኋላ ሆና ነው የምትጮኸው፤ ግን ትጮኻለች።

ወደ ሰንሰለቱ ልምጣ። ብዙ ቤት ቡችላው ሳያድግ አንገቱ ላይ ሰንሰለት ይደረጋል፣ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ይውላል፣ ሕፃናት በዱላ እየነካኩ «እንዲቆጣ» ያደርጉታል። ጆሮው ቢቆረጥ ኃይለኛ ይሆናል የሚሉም አሉ። ጆሮ መቁረጥ ቁስልና ሕመም እንጂ ሌላ ነገር አይሰጥም። የፈራ እንስሳ ሁለት ምርጫ ነው ያለው፤ መሸሽ ወይም መንከስ። ስታስሩት መሸሹን ትወስዱበታላችሁ። የቀረው መንከስ ብቻ ነው። የሚነክሰው ደግሞ ሌባውን አይደለም፤ ሌባ ሰንሰለቱ የማይደርስበትን አይቶ ነው የሚገባው። የሚነከሰው ኳሱን ሊያነሳ የሮጠው ልጃችሁ፣ ወይ ውኃ ልትቀዳ ያለፈችው የጎረቤት ልጅ ናት።

ይኼ ቀልድ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች 99 በመቶ ያህሉ በውሻ ምክንያት ናቸው፤ ተጠርጣሪ እንስሳ ከሚነክሳቸው ሰዎች 40 በመቶ ያህሉም ከ15 ዓመት በታች ልጆች ናቸው። ስለዚህ ውሻ ለነከሰው ወይም ለጫረው ሰው ወዲያውኑ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቡለት፤ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አድርሱት። ጸበሉን አትሂዱ አልልም፣ እምነታችን ነው። ግን መጀመሪያ ሐኪም ጋ፣ ከዚያ ጸበል። ክትባቱ የሚያድነው ምልክት ሳይታይ ከተወሰደ ብቻ ነው። የነከሰውን ውሻ ደግሞ በጥንቃቄ መያዝ ከተቻለ አትግደሉት፤ ሰው በማይደርስበት ዘግታችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳውቁ፣ 10 ቀን በእሱ ክትትል ሥር ይቆይ።

የእማማ ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ ክትባት ተከትባለች፤ ወረቀቷም እማማ ጋ አለ። በዓመቱ መደገም አለበት። ስንቶቻችን ግቢ ያለው ውሻ ይኼ ወረቀት አለው? በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 28 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ይከበራል፤ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግሥት ማለት ነው። ለማስታወስ ይመቻል፤ ደመራው ካለፈ በኋላ «ውሻዬ ተከትቧል ወይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

በግ አርቢዎች ደግሞ ይቺን በተለይ ስሙኝ። አዙሪት የሚባለውን የበግ በሽታ ታውቁታላችሁ። በጉ በአንድ ጎኑ ይዞራል፣ ዓይኑ ይጠፋል፣ ከመንጋው ይቀራል፣ በመጨረሻ ይሞታል። መነሻው ብዙ ጊዜ የራሳችን ውሻ ነው። በበዓል በግ አርደን የታመመውን በግ ጭንቅላት ጥሬውን ለውሻ እንጥላለን። ከአንጎሉ ያለው ቋጠሮ ውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላል በውሻው ዓይነ ምድር ግጦሹ ላይ ይበተናል፣ በጉ ከሣሩ ጋር ይበላዋል፣ ተመልሶ አንጎሉ ላይ ይወጣል። ጉበትና ሳንባ ላይ የምናየው የውኃ ቋጠሮም በተመሳሳይ መንገድ ነው የሚዞረው፤ እሱ ደግሞ ሰውንም ይይዛል። ስለዚህ ቋጠሮ ያለበትን ሥጋ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፤ ለውሻ የምትሰጡትን ጭንቅላትና የሆድ ዕቃ በደንብ ቀቅሉ። ውሻውን ደግሞ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ለኮሶ ትል የሚሆነውን ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አስሰጡት፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪሙ በክብደቱ ይወስናል። ሐይቁ ዳር ያላችሁም የቀረሶና የአምባዛ ትርፍራፊ ስትሰጡ ቀቅላችሁ፣ አጥንቱን ለይታችሁ ይሁን።

እሺ፣ ዓይን አፋር ውሻ ወሰዳችሁ እንበል። ምን ታደርጋላችሁ? በውጭው ዓለም የባዘነ ውሻ የሚያነሱ ድርጅቶች ውሻውን እንዳገኙ ለሰው አይሰጡም። እማማ እንዳደረጉት፣ በፈቃደኛ ሰው ቤት በአደራ ያቆዩታል፣ ጠባዩን ያጠኑታል፣ ከዚያ የሚስማማውን ቤት ይፈልጉለታል። ለአዲሱ ባለቤትም አንድ ቀላል መለኪያ ይነግሩታል፤ 3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር። ሦስት ቀን ለድንጋጤው፣ ሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ለመልመድ፣ ሦስት ወር «ይኼ ቤቴ ነው» ለማለት። በጣም የፈራ ውሻ ከዚህም በላይ ሊወስድበት ይችላል። በዚያው መሠረት እንዲህ አድርጉ፦

1. ከመምጣቱ በፊት ጥግ ያለው ቦታ አዘጋጁ። ቤት ውስጥ አስገቡት አልልም፤ ከጎተራው ሥር ወይም ከግድግዳው ጥግ ገለባ የተነጠፈባት፣ ዝናብ የማያስገባ ትንሽ ጎጆ ትበቃለች። ያቺ ቦታ የእሱ ትሁን፤ ከዚያ ጎትቶ የሚያወጣው ሰው አይኑር።

2. በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጎረቤት ሰብስባችሁ አታሳዩት። ምግብና ውኃ አንድ ሰው፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ይስጠው።

3. አጠገቡ ስትቀመጡ ፊት ለፊት አትጋፈጡት፣ ዓይን ዓይኑንም አትዩት። ጎናችሁን ሰጥታችሁ ቁጭ በሉና ቁራሽ እንጀራ አጠገባችሁ ጣሉ። ሲመጣ ለመያዝ አትቸኩሉ። በራሱ ጊዜ አሽትቷችሁ ይመለስ።

4. መንካት ስትጀምሩ ከላይ ጭንቅላቱን ሳይሆን ከታች ደረቱን ወይም አንገቱ ሥር እሹት። ከላይ የመጣ እጅ ለእሱ ድንጋይ የያዘ እጅ ነው።

5. ጆሮውን ወደ ኋላ ካስተኛ፣ ከንፈሩን ከላሰ፣ ፊቱን ካዞረ፣ የዓይኑ ነጭ ከታየ «በቃኝ» እያለ ነው። በዚህ ጊዜ ራቁ። ማጉረምረሙንም በዱላ አትቅጡት፤ ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያው ከጠፋ ሳይናገር የሚነክስ ውሻ ይሆናል።

6. ልጆቻችሁን አስተምሩ። የሚበላ ውሻ አይነካም፣ የተኛ ውሻ አይቀሰቀስም፣ የተደበቀ ውሻ አይጎተትም። ሕፃንና አዲስ ውሻ ያለ አዋቂ ብቻቸውን አይተዉ።

7. ዶሮና በግ ሲያለማምድ በገመድ ይዛችሁ ከሩቅ ይይ፤ ተረጋግቶ ሲያይ ቁራሽ ስጡት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አቅርቡት።

ማሰር የግድ ከሆነ፣ መንገድ ዳር ያላችሁ አጥር የሌላችሁ አላችሁና፣ ገመዱ ረጅም ይሁን፣ ጥላና ውኃ የሚደርስበት ይሁን፣ ደግሞም ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ይሁን።

«ሴት ስለሆነች ግቢያችንን በቡችላ ትሞላዋለች» የሚለው ስጋት እውነት አለው። ሴት ውሻ ከስድስት ወሯ ጀምሮ ወንድ ልትፈልግ ትችላለች፤ የምታረግዘው ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። አንዷ ስትፈልግ የሰፈሩ ወንዶች ተሰብስበው ይናከሳሉ፣ በሽታም ይተላለፋል። ግን መፍትሔው ሴቶቹን ከጀልባ ሥር መጣል አይደለም። ከጥሎቹ የምትተርፈዋ መንገድ ላይ ትወልድና ችግሩን እጥፍ አድርጋ ትመልስልናለች። የማምከን ቀዶ ሕክምና የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ካገኛችሁ አሠሩላት፤ አንድ ጊዜ ነው፣ ለዕድሜ ልክ ነው። ካላገኛችሁ በምትፈልግበት ሦስት ሳምንት ያህል በደንብ ዝጉባት። ይኼ ሥራ በአገር ደረጃም ይቻላል። ቡታን የምትባለው የእስያ አገር በ2009 እ.ኤ.አ. የጀመረችውን ዘመቻ በ2023 እ.ኤ.አ. አጠናቃ፣ ከ150 ሺህ በላይ ውሾች አምክናና ከትባ የባዘኑ ውሾቿን በሙሉ እንደዳረሰች አስታውቃለች። ቡታንም እንደኛው ተራራማና አርሶ አደር የሚበዛባት አገር ናት። መርዙ ግን ለእኛ እስካሁን ምን አመጣልን? የሞተው ውሻ ቦታ በወራት ውስጥ ባልተከተበ ሌላ ውሻ ይያዛል፤ የተመረዘውን ሥጋ ደግሞ ጥንብ አንሳውም የጎረቤት ውሻም ይበላዋል።

«ሰው በኑሮ ውድነት እየተቸገረ አንተ ስለ ውሻ ታወራለህ» የምትሉኝም ትኖራላችሁ። አልቀየምም። ግን ልብ በሉ፣ ውሻ አትያዙ ብዬ ብመክር ማንም አይሰማኝም፤ ነገም ከነገ ወዲያም ከጎረቤት ቡችላ ትወስዳላችሁ። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። ለክትባቱና ለትል መድኃኒቱ የምታወጡት ገንዘብ አንድ በግ በአዙሪት ሲሞትባችሁ ከምታጡት ያነሰ ነው። ከልጅ ሕይወት ጋርማ አይወዳደርም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። ይቺ ቡችላ ደፋር ትሆናለች ብዬ ቃል አልገባም። አንዳንድ ውሻ ዕድሜውን ሙሉ እንግዳ ሲመጣ ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ኃይለኛ የምትፈልጉ ከሆነ እሷ አትሆናችሁም፤ አትውሰዷት። የምትሆነው ረጋ ላለ ቤት ነው። ጫጫታና ጠጪ የማይበዛበት፣ ልጆቹ ትንሽ ከፍ ያሉበት፣ ቢቻል ሌላ ጨዋ ውሻ ያለበት ግቢ። ባለፈው እማማ ጎረቤታቸው ያለ ሽማግሌ ውሻ ወደ ግቢያቸው ሲገባ እሱን ተከትላ ከማገዶው ኋላ ወጥታ ፀሐይ ላይ ተኛች ብለውኛል። ለወይፈኑ የለመደ በሬ እንደምንለው ማለት ነው።

መውሰድ ለምትፈልጉ ዋጋ የላትም። የምንጠይቃችሁ አራት ነገር ነው፦ ከመውሰዳችሁ በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን መጥታችሁ አጠገቧ ቁጭ እንድትሉ፣ ክትባቷን በዓመቱ እንድታስደግሙ፣ ጆሮዋን እንዳትቆርጡ፣ ካልሆነላችሁ ደግሞ መንገድ ላይ ሳትጥሉ መልሳችሁ ለእማማ ወይ ለእኔ እንድታስረክቡ። ለአደራ የተቀመጠ ነገር በአደራ ነው የሚመለሰው። ቀበሌ ማሰልጠኛ ማዕከሉ ድረስ ብቅ ካላችሁ እኔው ራሴ አደርሳችኋለሁ። አመሻሽ ላይ ኑ፤ እማማ ከሥራ የሚመለሱት፣ እሷም ከማገዶው ኋላ የምትወጣው ያን ጊዜ ነው። ስትገቡ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

በሚቀጥለው ስለ ድርቆሽ አቀማመጥ እንገናኝ። መልካም የሥራ ሳምንት!